ቅይጥ ፀጉር

«ቀስ! ቀስ በይ እንጂ፤ ቆዳዬን ይዘሽው ልትወጪ ነው!»

መምህርቷ የወንበሩን ክንድ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። ፀጉር ሰሪዋ መቀሱን አስቀምጣ፣ እሾህ እንደሚነቅል ሰው በጥፍሯ ጫፍ ብቻ ሹሩባውን ከሥሩ ማላላት ጀመረች። የመጀመሪያው ጉንጉን ተፈትቶ ሲወርድ ከሥሩ ያለው ቆዳ ታየ። ቀልቷል። ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች ከማጅራቷ እስከ ጆሮ ግንዷ ወርረዋታል፤ ከፈነዱት የወጣው ቢጫ ፈሳሽ ደርቆ ከገዛ ፀጉሯ ጋር ተጣብቋል።

«እንዲህ ከሆነ ቆየ?»

«ከተሠራሁ ማግስት ጀምሮ ያሳክከኛል። እስክለምደው ነው ብዬ ቻልኩት። ትናንት ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ አንገቴ ላይ የሆነ ነገር ሲወርድ ላብ መሰለኝ። ስጠርገው የቁስል ውሃ ነው። ልጆቹ ፊት!» መምህርቷ በመስተዋቱ ውስጥ አፈጠጠችባት። «አንቺ አይደለሽም እንዴ ‹ይሄ እንደ ላስቲኩ አይደለም፣ መሠራትሽን ራሱ ትረሺዋለሽ› ያልሽኝ? አምኜሽ እኮ ነው ጭንቅላቴን የሰጠሁሽ።»

ፀጉር ሰሪዋ ሁለተኛውን ጉንጉን ያዘች። ብላት ነበር፤ ስትላትም ከልቧ ነበር።

የዕድሜዋን እኩሌታ የበላው ይኸው ሥራ ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠውን የላስቲክ ፀጉር ስትጎነጉን፣ ጫፉን የፈላ ውሃ ውስጥ ስትነክር፣ የተንጨባረረውን በላይተር ስትለበልብ ኖራለች። እንፋሎቱና ጭሱ ደረቷ ውስጥ ቤት ሠሩ። መጀመሪያ ሳል ነበር፤ ቀጥሎ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ መጣ፤ በመጨረሻ ሐኪሙ «ወይ ሥራሽን ተይው፣ ወይ ሳንባሽን ተሰናበቺው» አላት። ሥራውን ትታ ምን ልትበላ? ያኔ ነው ባሏ የሙዙን ነገር ያመጣው።

ባሏ መካኒክ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ «ብሎን» ነው የሚለው። ጋራዡ ሲዘጋ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አልሆንልህ አለው። ከአጎቱ እርሻ ፍሬው ከተቆረጠ በኋላ የሚጣለውን የሙዝ ግንድ እያመጣ፣ ልጡን በደነዘ ቢላ እየፋቀ፣ በርሜል ውስጥ እየዘፈዘፈ ቃጫ ማውጣት ያዘ። የመጀመሪያው ቃጫ ደርቆ ሲወጣ «ይሄንንስ መጥረጊያ ብለን እንሽጠው» ብሎ አስቋታል። ሁለተኛው ሸተተ። ቀጥሎ የመጣው እጅ ላይ ረገፈ። ሲወቅጡት፣ ሲያጥቡት፣ ዘይት ሲያጠጡት፣ ጥላ ላይ ሲያሰጡት ከርመው፣ አንድ ቀን ከጣቷ መሃል እንደ ሰው ፀጉር ሾለከ። አያብረቀርቅም፤ አይሸትም፤ ተፈትቶ ሲጣልም እንደ ላስቲኩ የፍሳሽ ቱቦ አይደፍንም፣ አፈር ይሆናል። የላስቲክ ፀጉር አናታቸውን ያቆሰላቸው ሴቶች ወሬውን እየሰሙ አንድ ሁለት እያሉ መጡ። መምህርቷም ከነሱ አንዷ ነበረች።

ታዲያ ይሄ ቁስል ከየት መጣ?

ከተፈታው ጉንጉን ጥቂት ዘለላ መዝዛ ላይተሯን ለኮሰች። አንዳንዱ ዘለላ እንደ ወረቀት ነዶ ብን የሚል አመድ ሆነ። አንዳንዱ ግን ተኮማተረ፣ ተጠቀለለ፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ፍሬ ቋጥሮ ጥፍሯ ላይ ተጣበቀ። ሽታውን ከአፍንጫዋ ቀድሞ ደረቷ አወቀው።

«ምንድነው?» አለች መምህርቷ።

«ላስቲክ።»

«እዚህ ቤት ላስቲክ አይገባም ብለሽኝ አልነበር?»

«ብዬሽ ነበር።» ፎጣ አነሳችና በመምህርቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት። «አንድ ጊዜ ጠብቂኝ፤ መጣሁ።»

ብሎን ጓሮ ቁጢጥ ብሎ ግንድ እየፋቀ ነበር። እስከ ክርኑ ድረስ የሙዝ ውሃ አጥቁሮታል። ቀና ብሎ ፊቷን ሲያይ ቢላው በእጁ ላይ ቆመ።

«ከሆስፒታል የወጣሁ ሰሞን የሰጠኸኝን ቃጫ ከምን ሠራኸው?»

«የቱን?»

«አንተ ሰው፣ የቱን አትበለኝ።»

ቢላውን መሬት ላይ አስቀመጠ። አሁንም አነሳው። «ተበላሽቶብኝ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«ምኑ?»

«በርሜሉ ነዋ። አንቺ አፍንጫሽ ላይ ኦክስጅን ተሰክቶልሽ ስታጣጥሪ በርሜል ትዝ ይለኛል? ሻል ሲልሽ ስመለስ ሁሉም ሟሟ። እጄን ባስገባ ጭቃ ነው፤ የሚያዝ ነገር የለውም።»

«እና ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? ዓይንሽን እንደገለጥሽ የጠየቅሽኝ እኮ ስለኔ አይደለም። ‹ቃጫው ደረሰ?› ነው ያልሽኝ። የሚጠብቁሽን ሴቶች በተራ ትቆጥሪልኝ ነበር። የለም ብልሽ እዚያው ትቀሪብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።» የቢላውን ስለት በአውራ ጣቱ ዳበሰ። «ከላይ የተረፈ ትንሽ ንጹህ ነበር። ለቀረው ገበያ ሄጄ የማያብረቀርቀውን ላስቲክ ገዛሁ፤ በአመድ አሸሁትና ቀላቀልኩት። እኩል እንኳ አይሆንም፤ ትንሽ ነው።»

«ትንሽ!» አለች። ሳሉ ጀመራት፤ የበርሜሉን ጠርዝ ይዛ እስኪያልፍ ጠበቀች። «ከዚያ የቃጫ እስር ለማን ለማን እንደሠራሁ ታውቃለህ? ለመምህርቷ፣ ለዳቦ ቤቷ እህትማማቾች፣ ለፋርማሲዋ ልጅ...» ቀጣዩ ስም አፏ ላይ ቀረ። «ለእታለምም ከዚያው ነው የሠራሁላቸው።»

ብሎን ከተቀመጠበት ተነሳ። «አላወቅኩም። በእናቴ አፅም፣ አላወቅኩም! የእሳቸውን ከድሮው የሠራሽው ነበር የመሰለኝ።»

እታለም የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። የካንሰር ሕክምናቸውን ጨርሰው የወጡት በቅርቡ ነው፤ ፀጉራቸው ገና እንደ ጫጩት ላባ ብቅ ብቅ እያለ፣ የራሳቸው ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል። ለሳቸው ሹሩባ አይሞከርምና ቃጫውን ስስ ቆብ ላይ ሰፍታ ነበር የሰጠቻቸው። ሲያጠልቁት መስተዋቱን ይዘው እንደ ልጅ ነበር የሳቁት።

ከደጅ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ባልና ሚስት ተያዩ። በየሰፈሩ የፀጉር ቤት የከፈተችው ነጋዴ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ ብላ ነበር። ቀድማ መጣች። ቃጫውን ከወደደችው ለሁሉም ቤቶቿ ልትወስድ፣ ብሎንም ግንድ መፋቂያ ማሽን ሠርቶ ሰው ሊቀጥር ስንት ሲያልሙበት የከረሙት ቀን ነው።

«ስሚኝ» አለ ብሎን ክንዷን ይዞ፣ በሹክሹክታ። «ያሁኑ እስር ንጹህ ነው፤ ላስቲክ አልነካውም፣ አንቺው ራስሽ አበጥረሽዋል። ውሸት አንናገርም። መምህርቷን በጓሮ በር እንሸኛት። ዛሬን ብቻ ዝም በይ፤ ነገ በእግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።»

ክንዷን አስለቀቀችና ወደ ውስጥ ገባች።

ነጋዴዋ ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን እስር በጣቷ መሃል ታሾልከዋለች። «ይሄ የሙዝ ግንድ ነው ብትይ ማን ያምንሻል! እኔ በፎቶ ሳየው አጋነነችው ብዬ ነበር።» ወዲያው ዓይኗ ፎጣ ወደደረበችው መምህርት ሄደ። «አንቺም ይሄንኑ ነው የተሠራሽው? ተመቸሽ?»

መምህርቷ መልስ አልሰጠችም። በመስተዋቱ ውስጥ ፀጉር ሰሪዋን አየቻት፤ ዝም ብላ አየቻት። ያ ዝምታ በር ነበር። ፀጉር ሰሪዋ ከፈለገች ሾልካ ታመልጥበታለች።

 ፎጣውን ቀስ አድርጋ አነሳችው።

«ይዩት» አለች። «እኔ ነኝ የሠራኋት። ቃጫው ውስጥ ላስቲክ ተቀላቅሎ ነበር። አላወቅኩም፤ ግን ከቤቴ ነው የወጣው። እርስዎ የያዙት ሌላ ነው፤ ንጹህ ነው ብዬ አምናለሁ።»

ከተንጠለጠለው እስር መዝዛ ለኮሰችው። አመድ ሆኖ መሬት ላይ ረገፈ። ነጋዴዋ አመዱን አየች፣ የመምህርቷን ማጅራት አየች፣ ቦርሳዋን ወደ ጉያዋ ሳበች።

«ያቆሰላት ላስቲኩ ነው ትያለሽ። ሙዙ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«አያውቁም። እኔም ምዬ ልነግርዎት አልችልም። ከዚህ በፊት ማንንም አላቆሰለም፤ የማውቀው ይህን ብቻ ነው።»

ነጋዴዋ ተነስታ ቆመች። ክፉ ፊት አልነበራትም፤ የደከመው ፊት ነበር። «እውነቱን ስለነገርሽኝ አከበርኩሽ። ግን የኔ ሥራ ስም ነው፤ አንዲት ሴት ብትቆስል ቤቶቼ ሁሉ ይቆስላሉ።» ወደ በሩ ሄዳ ዞር አለች። «ነገ ጠዋት ይህንኑ እስር እንዳለ ቢሮዬ ይዘሽልኝ ነዪ። ግማሹን አስመረምረዋለሁ፣ በግማሹ ፀጉር ሰሪ ልጆቼ ይሞክሩበታል። ከጎደለ አልፈልገውም። ካልመጣሽም አልቀየምሽም፤ የላስቲኩ አስመጪ ነገ ከሰዓት በኋላ ይጠብቀኛል።»

መኪናው ሲርቅ መምህርቷ የቀሩት ሹሩባዎች እስኪፈቱ ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች። ሲያልቅ ሻሿን ላላ አድርጋ አሰረች።

«ክሊኒክ እሄዳለሁ» አለች። «አልረገምኩሽም። ግን ተመልሼም አልመጣም።»

«ይገባሻል፣ ቲቸር።»

 በሩ ሲዘጋ ፀጉር ሰሪዋ መቀመጥ አልቻለችም፤ የእታለም ራስ ዓይኗ ላይ ነው። እስሩን ከግድግዳው አውርዳ በንጹህ ጨርቅ ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለባሏ ትታው ለመሄድ ልቧ እንቢ አላት። እሱም ይህን አይቶ አንገቱን ደፋ።

«ለሌሎቹ ደውል» አለችው ፊቱን ሳታይ። «አሁኑኑ ይፍቱት። ማን እንደቀላቀለውም አንተው ንገራቸው።»

ወደ እታለም ቤት የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው። በየጥጉ እየቆመች መድኃኒቷን ወደ አፏ እየረጨች ወጣች። ብሎን ከኋላዋ ራቅ ብሎ ይከተላል፤ ድምፁ ይሰማታል። «አይ፣ እሷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ... አዎ፣ እያወቅኩ... አዎ፣ ስደቢኝ፣ ስድቡ ይገባኛል። ግን መጀመሪያ ፍቺው፣ እህቴ።» አንደኛዋ ጆሮው ላይ ዘጋችበት መሰለ፣ ወዲያው ቀጣይዋ ጋ ደወለ።

እታለም በመስኮቱ ብርሃን የሥራ ልብሳቸውን እየተኮሱ አገኘቻቸው። ቆቡን አጥልቀዋል።

«እንኳን መጣሽ የኔ ልጅ! ነገ ሥራ እገባለሁ እኮ። አስቢው፣ ትናንት አንዱ ሹፌር ‹አንቺ ልጅ፣ ጠጋ በይ› አለኝ። ልጅ! ዞሬ ሌላ ሰው ፈለግኩ። ይህን ያህል ነው ያስጌጥሽኝ።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ፊቷን ሲያዩ መሃል ላይ ተቋረጠ። «ምነው? ምን ሆነሻል?»

ነገረቻቸው። ሳታሳጥር፣ ሳታሳምር ነገረቻቸው። ሲያዳምጡ አንድ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ጆሯቸው ጀርባ ሄደ፤ ወዲያው መለሱት።

«ያሳክክዎታል አይደል?»

«ትንሽ ነው።»

«ያሳዩኝ።»

«ይቅርብሽ።» ካውያውን አስቀመጡ። «አውቄዋለሁ። ሰሞኑን ይቆጠቁጠኛል፤ ሌሊት ትራሱን አልችለውም። ዝም ያልኩት እንዳታወልቂብኝ ብዬ ነው።»

«እታለም፣ ቆዳዎ ስስ ነው። ከመረቀዘ እንደገና ሆስፒታል...»

«ከዚያ ከባሰው ተርፌ የለ? ነገን፣ አንዲት ቀን ብቻ!» ድምፃቸው ከፍ አለ። «በሻሽ ተጠቅልዬ ስገባ የስፌት ቤቱ ሴቶች ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ። ያዝኑልኛል። ሰው ሲያዝንልሽ ሥራ አይሰጥሽም የኔ ልጅ፤ ወንበር ነው የሚሰጥሽ። ‹አረፍ ይበሉ› ይሉሻል፣ መቀሱን ከእጅሽ ይቀበሉሻል፣ በሳምንቱ ደግሞ ‹ቤትዎ ቢያርፉ ይሻላል› ይመጣል። አይቼዋለሁ። በሌላ ሰው ላይ እኔው ራሴ አድርጌዋለሁ።»

ፀጉር ሰሪዋ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ጉልበታቸውን ይዛ ቀረች፤ ትንፋሿ ብቻ ሲር ሲር ይላል።  በመጨረሻ እታለም ራሳቸው እጃቸውን አንስተው ቆቡን ከግንባራቸው በኩል ገፉት። ከኋላ አልወጣም፤ ተጣብቋል። ለብ ባለ ውሃ እያረጠበች፣ እየነፋች፣ በጣቷ እያላላች አወለቀችላቸው። ጆሮና ማጅራታቸው ተልጧል። ከፊት ግን ቆዳው ደህና ነው።

«መስተዋት ስጪኝ።»

«አሁን አይዩት።»

«በቃ፣ በሻሽ እገባለሁ» አሉ። ቆቡን ሲያወልቁ ዕድሜያቸው አብሮ የወረደባቸው መሰለ። የሥራ ልብሳቸውን አጥፈው ወደ ሣጥኑ ሊመልሱት ነበር።

ፀጉር ሰሪዋ ልብሱን ከእጃቸው ተቀበለች። «ሻሽ አሉኝ?» አለች፤ የምታስበውን ገና እያሰበችው ነበር። «ለስላሳ ጥጥ ጨርቅ አለዎት? አሮጌ፣ ብዙ የታጠበ?»

«አለ። ለምን?»

«ፀጉሩ ራስዎን ለምን ይነካል? የሻሹ ጠርዝ ላይ እንስፋው። ከፊትና ከጎን ብቻ ወጣ ይበል፤ ቆዳዎን የሚነካው ጥጡ ብቻ ይሆናል፤ ማጅራትዎ ባዶ ይሁን፣ አየር ያግኝ። ግን ሰፍተን ስንጨርስ፣ ከማጥለቅዎ በፊት ክሊኒክ እንሄዳለን። ነርሷ አይሆንም ካለች አያጠልቁትም።»

እታለም ፊታቸውን አኮሳትረው አሰቡ። የሰፊ ፊት ነበር፤ ጨርቅ ሲለኩ የሚያመጡት። «ጠርዙን በእጥፍ ካልሰፋሽው ቃጫው ይሾልካል» አሉ። «ደግሞ በድርብ ክር። አሳዪኝ እስቲ ቃጫሽን።»

ፀጉር ሰሪዋ ቦርሳዋን ከፈተች። የጨርቁን ጥቅል ስታወጣ ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ። ብሎን ደፍሮ መግባት አቅቶት ደፉ ላይ ቆሟል።

«እሱን አትንኪው!» አለ። «ከጎደለ አልፈልግም ብላለች እኮ። በርሜሉ ውስጥ ያለው ለመድረስ ገና ነው። ነገ ካልወሰድሽው ሴትዮዋ ወደ ላስቲኩ መሄዷ ነው፤ ሌላ የሚጠይቀን የለም። አለቀልን ማለት እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ቢያንስ ግማሹን...»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

እታለም ከአንዷ ወደ አንዱ አዩ። «የኔ ልጅ፣ እንግዲያው ይቅር። በኔ የተነሳ ቤታችሁ አይፍረስ።»

 ፀጉር ሰሪዋ የእስሩን ቋጠሮ በጥርሷ ይዛ ፈታችው፤ ቃጫው ጭኗ ላይ ተዘረገፈ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ክሩ ብዥ አለባት። ነገ ከቢሮው ደጅ ባዶ እጇን ትቆም ይሆናል፤ አትሄድም ይሆናል፤ በላስቲክና በፈላ ውሃ መካከል ያለውን ያንን ዕድሜ እንደገና ትጀምረው ይሆናል፤ አላወቀችም። ለጊዜው አንድ ጭብጥ አነሳችና መዘነችው፤ ጨመረችበት።

እታለም የጥጡን ጨርቅ የስፌት መኪናቸው ላይ ዘረጉ። ቃጫው ተወጥሮ ካልተያዘ መርፌው እኩል አይወስደውም፤ አንድ ሰው ከዚያኛው ጫፍ መያዝ አለበት። እታለም መኪናውን ይነዳሉ፤ እሷ ታስገባለች። ሌላ ሰው የለም።

ቀና ብላ ባሏን አየችው። የሙዝ ውሃ እንዳጠቆረው ሁለት እጁን አንጠልጥሎ፣ የተቀጣ ተማሪ መስሎ ቆሟል።

«እዚያ ምን ትገተራለህ?» አለችው። «ባልዲው ጥጉ ላይ አለ። መጀመሪያ እጅህን ታጠብ፤ ከዚያ ና ጫፉን ያዝልኝ።»